ረግረጉ ለምን ይቃጠላል? እሳት፣ አመድና የባህር ዳር አፈር

 

የዛሬው የሳይንስ ትምህርታችን ስለ እሳት ነው። «በእሳት አትጫወቱ» እየተባላችሁ ያደጋችሁ ልጆች ስለሆናችሁ ነገሩ ይገርማችሁ ይሆናል። ዛሬ የምናወራው ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ ቀን ቆርጠው፣ ነፋሱን ለክተው፣ ሆን ብለው ስለሚለኩሱት እሳት ነው። የሚለኩሱት ደግሞ ደረቅ ጫካ አይደለም፤ ውኃ የተኛበት ረግረግ ነው። እንዴ! ውኃ ላይ እሳት?

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። ረግረግ ማለት ውኃ የማይለየው፣ ሲረግጡት እግር የሚውጥ መሬት ነው። ከሐይቅ ይለያል፤ ሐይቅ ላይ ይዋኛል፣ ረግረግ ላይ ግን ሳር ይበቅላል። የባህር ዳር ረግረግ ደግሞ የባህሩ ውኃ በየቀኑ ሞልቶ የሚገባበት፣ መልሶም የሚሸሽበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አትሳቁ፤ ሽታው ራሱ ትምህርት አለበት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና ብትሄዱ፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በትልቁ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ዶርቼስተር የሚባለው የሜሪላንድ አውራጃ ትደርሳላችሁ። እዚያ ብላክዋተር የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ትርጉሙ «ጥቁር ውኃ» ማለት ነው። በ1933 (እ.ኤ.አ.) ለሚፈልሱ ወፎች ተብሎ የተከለለ ሲሆን ዛሬ ስፋቱ ከ28 ሺህ ኤከር በላይ ነው። ከዚያ በፊት ቦታው መስክራት የተባለ ፀጉራም የውኃ አይጥ ለቆዳው የሚጠመድበት ነበር።

በትምህርት ቤት ስለ ሃሪየት ታብማን ተምራችኋል አይደል? በ1822 ገደማ የተወለደችው እዚሁ ዶርቼስተር ውስጥ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ለሌላ ሰው በኪራይ ተሰጥታ፣ በብርድ ውኃ ውስጥ እየገባች የመስክራት ወጥመድ ትፈትሽ ነበር። ኩፍኝ ይዟት እንኳ አላሳረፏትም። በኋላ ከባርነት አምልጣ፣ ሌሎችን ልታወጣ ስትመላለስ፣ ይህን የመሰለውን ረግረግና ጫካ ጠንቅቃ ታውቀው ነበር። በ2017 በስሟ የተሰየመ የጎብኚዎች ማዕከል ከብላክዋተር አጠገብ ተከፍቷል። እሳቱን ለማየት ባይመቻችሁ እንኳ ለእርሷ ስትሉ ሂዱ።

ወጥመድ የሚያጠምዱት ሰዎች በየክረምቱ የደረቀውን ሳር ያቃጥሉ ነበር። (ክረምት ስል የዚህን አገር የበረዶ ክረምት ነው እንጂ የአገር ቤቱን የዝናብ ክረምት አይደለም። ወላጆች፣ ይቺ ልዩነት ልጆቹን ሁልጊዜ ግራ ታጋባለች።) ሳሩ ሲቃጠል የመስክራቱ መንገድ ይታያል፤ በጸደይ ደግሞ ለምለሙ ቶሎ ይመጣል። ዛሬ የመጠለያው ባለሙያዎች ያንኑ ልማድ በሳይንስ እየመረመሩ ይሠሩበታል። የሚያቃጥሉት ብዙ ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፤ ሳሩ ደርቋል፣ ወፎቹም ገና ጎጆ አልሠሩም። አንዱ ዓላማቸው የደረቀው ሳር ተከማችቶ በበጋ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ እሳት እንዳይነሳ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ እሳቱ ለአፈሩ ምን ይሰጠዋል? ምንስ ይወስድበታል?

እዚያ ከሚበቅሉት ዕፅዋት ዋነኛው ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ረጅም ሳር መሳይ ተክል ነው። በጣታችሁ ብትዳስሱት ሦስቱ ጠርዝ ይታወቃችኋል። አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ፤ ይህ ተክል የቄጠማ ዘመድ ነው! በበዓል ቀን ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው፣ ቡና ሲፈላ ከሥር የሚነሰነሰው ቄጠማ፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። እናታችሁ ቄጠማ ካገኘች አንዱን ዘንግ ቆርጣችሁ ጫፉን እዩት፤ ክብ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አፈሩ እንግባ። ሰው ያለ ምግብ እንደማያድግ ሁሉ ተክልም ያለ ምግብ አያድግም። ተክል በስሩ ከአፈር የሚስበውን ምግብ «ንጥረ ምግብ» እንለዋለን። ዋና ዋናዎቹ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየምም አሉ። ወላጆቻችሁ ዳፕና ዩሪያ የሚባሉትን የማዳበሪያ ስሞች ከአገር ቤት ያውቋቸዋል፤ ጠይቋቸው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ዳፕ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ።

በረግረግ ውስጥ ይህ ምግብ እንደልብ አይገኝም። ምክንያቱም አፈሩ ውስጥ ውኃ ሞልቷል፣ አየር የለም። የሞተ ቅጠልና ስር አየር ከሌለ በቶሎ አይበሰብስም። ካልበሰበሰ ደግሞ በውስጡ ያለው ምግብ አይለቀቅም፤ በሣጥን እንደተቆለፈ እህል ነው። ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታም ከዚሁ ይመጣል፤ አየር በሌለበት የሚኖሩ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች በባህር ውኃ ውስጥ ያለውን የድኝ ውሁድ ተጠቅመው ሲኖሩ የሚያወጡት ጋዝ ነው።

እሳት ይህን ሣጥን ከላይ በኩል ይሰብራል። ባክቴሪያ ብዙ ዓመት የሚፈጅበትን ሥራ እሳት በደቂቃ ይጨርሰዋል። ነገር ግን እሳት እንደ ባክቴሪያ ጨዋ አይደለም፤ የሚበላውንም የሚያባክነውንም አብሮ ያደርጋል። እንዴት? እያንዳንዱ ንጥረ ምግብ የራሱ የሙቀት ልክ ስላለው ነው።

ናይትሮጅን ከሁሉም ፈሪው ነው። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ጋዝ እየሆነ ከጢሱ ጋር መብረር ይጀምራል። የሳር እሳት ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ በሳሩ ቅጠል ውስጥ ከነበረው ናይትሮጅን አብዛኛው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየም ጠንከር ይላሉ፤ እነርሱን በብዛት ለማብረር ከ700 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ካልሲየም ከ1,400 ዲግሪ በታች አይነቃነቅም። ታዲያ እነዚህ ምን ይሆናሉ? አመድ ሆነው መሬት ላይ ይቀራሉ።

አመድ በአማርኛችን መጥፎ ስም ነው ያለው። ደክሞ ምስጋና ያላገኘ ሰው «አመድ አፋሽ ሆነ» ይባላል። የከሳና የገረጣውን ሰው «አመድ መስሏል» እንላለን። አያቶቻችን ግን የምድጃውን አመድ ዝም ብለው አይጥሉትም ነበር፤ ጓሮ ይደፉታል፣ ጓሮው ላይ ጎመኑ ያምራል። አመድ ውስጥ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፎስፈረስ አለ፤ ያውም ተክል በቶሎ ሊወስደው በሚችለው መልክ። በዚያ ላይ አመድ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ያለዝበዋል።

ታዲያ ረግረጉ ከእሳቱ በኋላ የሚለመልመው በአመዱ ነው? ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለአመዱ ከሚገባው በላይ ክብር ይሰጠዋል። አመድ ቀላል ነው። ባህሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሞልቶ ሲመጣ ከፊሉን ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የአመድ ጉልበት አጭር ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ብርሃን ነው። እሳቱ ያለፈውን ዓመት ደረቅ ሳር ሲያነሳው፣ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ መሬቱን ሸፍኖት የነበረው ሁሉ ይነሳል። መሬቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ጥቁር ነገር ደግሞ ፀሐይን ይመጣል። (በበጋ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳችሁ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ?) አፈሩ ቶሎ ይሞቃል፣ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈጥናል፣ ከሥር ተቆልፎ የነበረው ናይትሮጅንም አሞኒየም በሚባል መልክ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ቡቃያው ቀድሞ ይወጣል፤ ለጋው ቡቃያም ከአሮጌው ሳር ይልቅ ብዙ ፕሮቲን አለው። ዝይዎች ይህን ያውቁታል። በሉዊዚያናና በቴክሳስ የባህር ዳር ረግረጎች ነጫጭ ዝይዎች የተቃጠለውን ቦታ መርጠው በመንጋ ሲያርፉበት ይታያል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ስሩን ሁሉ ነቅለው በልተው ባዶ ያስቀሩታል።

በጢስ የሄደው ናይትሮጅንስ? አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ወደ ተክል ምግብ መለወጥ ይችላሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ብርሃን ባገኘ እርጥብ አፈር ላይ ይራባሉ። የባህሩ ውኃም ደለል ይዞ ሲመጣ ናይትሮጅን ያመጣል። እንደ ቼሳፒክ ባለ ቦታማ ናይትሮጅን ሞልቶ ተርፏል፤ ከእርሻ ማዳበሪያው፣ ከዶሮ እርባታው፣ ከከተማ ፍሳሹ እየታጠበ ይገባል። በመብዛቱም ውኃው ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይፈላል፤ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣና ሸርጣን የሚተነፍሱት ኦክስጅን ያልቃል። በዚህ ምክንያት በ2010 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚገባው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ደለል ላይ ጣሪያ አበጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ንጥረ ምግብ ጥሩ ከሆነ፣ ብዙ ንጥረ ምግብ በጣም ጥሩ አይደለም እንዴ? አይደለም። በማሳቹሴትስ ፕለም አይላንድ በሚባለው ስፍራ ተመራማሪዎች ለ9 ዓመት ያህል በረግረጉ ቦዮች በሚገባው ውኃ ላይ ማዳበሪያ ጨመሩ። ውጤቱ በ2012 ወጣ። ሳሩ ከላይ አደገ፤ ከታች ግን ስሩ ሳሳ። ምግብ ደጁ ድረስ የሚመጣለት ተክል ስሩን ለምን ያርቃል? ስሩ የሳሳበት የቦይ ዳር ተሰነጣጠቀ፣ ተደርምሶም ውኃ ውስጥ ገባ። ከላይ አምሮ ከታች የተበላሸ ረግረግ ማለት ይህ ነው።

ስሩ ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ ሆነ? የብላክዋተር ረግረግ እየጠፋ ስለሆነ ነው። ከ1938 ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ የሆነው ሳር መሆኑ ቀርቶ ውኃ ሆኗል። ባለፈው አንድ መቶ ዓመት በቼሳፒክ አካባቢ ባህሩ አንድ ጫማ ያህል፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፍ ብሏል፤ ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ መሬቱም በራሱ ወደ ታች ይሰምጣል። ከዚህ ሌላ ከደቡብ አሜሪካ ለፀጉሩ የመጣ ኑትሪያ የሚባል ትልቅ የውኃ አይጥ ስሩን እየበላ ረግረጉን አጥፍቶታል። እርሱን ለማጥፋት በ2002 የተጀመረው ዘመቻ 20 ዓመት ፈጅቶ በ2022 «አለቀ» ተብሏል። ባህሩን ግን በወጥመድ አይዙትም።

ረግረጉ ከባህሩ ጋር እኩል ካላደገ ይሰምጣል። የሚያድገው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው፤ ውኃ በሚያመጣው ደለልና በራሱ ስር። በብላክዋተር ደለል ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አፈሩ በአብዛኛው የቆየ ስር ነው ማለት ይቻላል። እንደ ስፖንጅ የተጠላለፈ፣ ያልበሰበሰ ስር፤ በአንዳንድ ቋንቋ ፒት ይባላል። እንግዲህ የእሳቱ ክርክር እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «በየዓመቱ ብታቃጥሉ ወደ አፈር መጨመር የነበረበትን ቅጠል አመድ ታደርጉታላችሁ፤ ረግረጉ ከምን ይደግ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቅጠሉ ሳይሆን ስሩ ነው አፈር የሚሆነው፤ ብርሃን ያገኘ ተክል ስሩን ያበዛል» ይላል። ክርክሩን በአፍ ሳይሆን በመለኪያ ለመፍታት፣ ተመራማሪዎች በየዓመቱ የሚቃጠለውን፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚቃጠለውንና ጭራሽ የማይቃጠለውን ቦታ እያነጻጸሩ ይለካሉ። መሣሪያቸው ደስ ይላል፤ ረጅም ብረት ወደ ጥልቁ ይተከላል፣ በላዩ ላይ አግድም ክንድ ይገጠማል፣ ከክንዱ 9 ቀጫጭን ዘንጎች አፈሩን እስኪነኩ ይወርዳሉ። በየጊዜው እየተመለሱ ሲለኩ መሬቱ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ያውቃሉ። ሚሊ ሜትር!

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው እንመለስ፤ ውኃ ላይ እሳት እንዴት ይነዳል? ሳሩ ከውኃው በላይ ቆሟል፣ ደርቋል፤ የሚነደው እርሱ ነው። ከሥር ያለውን ስር ግን ውኃው ይጠብቀዋል። ድስት አስቡ። ድስት ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ እሳቱ ምንም ቢበረታ ውኃው ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ውኃው ተኖ ሲያልቅ ግን ድስቱ ያርራል። (ይህን ወጥ ላይ ያየ ሰው አይጠፋም።) ረግረጉም እንደዚያው ነው። ባለሙያዎቹ የሚለኩሱት አፈሩ በውኃ የራሰ መሆኑን አይተው ነው፤ እሳቱ ከላይ ከላይ ያልፋል፣ ስሩ ይተርፋል፣ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ይወጣል። በድርቅ ጊዜ ግን፣ ውኃው ወርዶ አፈሩ ራሱ ሲደርቅ፣ ያ ስፖንጅ የመሰለው የስር ክምር ይቀጣጠላል። ያን ጊዜ የሚጠፋው በብዙ መቶ ዓመት የተሠራ አፈር ነው። ቦታው ይጎደጉዳል፣ ውኃ ይሞላዋል፣ ሳር ተመልሶ አይበቅልበትም። እንግዲህ አንዱ እሳት አፈሩን ሲያበላው ሌላው አፈሩን ይበላዋል፤ ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው።

ወላጆች እዚህ ላይ የአገር ቤቱን አፈር ማቃጠል ያስታውሱ ይሆናል። በሸዋ ደጋ አንዳንድ ገበሬዎች የከረመ መሬት አርሰው፣ ጓሉን በየቦታው ይከምሩና ኩበትና ደረቅ ሳር ውስጡ ከትተው ያቃጥሉታል። ከዚያ የተቃጠለውን አፈር በትነው ገብስ ይዘሩበታል። ለአንድ ሁለት ዓመት ገብሱ ያምራል፤ ፎስፈረሱና ሌላው ምግብ ከአፈሩ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ ነው። ከዚያ መሬቱ ይደክምና ለብዙ ዓመት እንዲያርፍ ይተዋል። እዚያ የሚቃጠለው ራሱ አፈሩ ነው፤ በብላክዋተር የሚቃጠለው ግን የአፈሩ ልብስ ብቻ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ደግሞ እሳቱ ለሁሉም ፍጥረት አይመችም። ጥቁር ሬይል የምትባል ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ወፍ አለች፤ የምትኖረው ጥቅጥቅ ባለው ሳር ሥር ተደብቃ ነው። በጣም ስላነሰች በ2020 በምሥራቅ አሜሪካ ያለችው ዘር በሕግ እንድትጠበቅ ተደርጓል። ሁሉም ሳር በአንድ ቀን ቢቃጠል የት ትደበቅ? ስለዚህ ሳይቃጠል የሚተው ቦታ መኖር አለበት። እኔ እንኳ በዚህ ነገር ከወፏ ጎን ነኝ።

አሁን የቤት ሥራ። የአመድን ጠባይ በዓይናችሁ እንድታዩ ነው። ወላጅ አብሯችሁ ካልቆመ አትጀምሩት። ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በጥቂት ውኃ ይቀቀል፤ ውኃው ወይን ጠጅ ይመስላል። አጥልላችሁ አቀዝቅዙትና በሦስት ብርጭቆ ክፈሉት። አንዱን እንዳለ ተዉት። በሁለተኛው ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ሮዝ ይሆናል። በሦስተኛው ላይ አንድ ማንኪያ የእንጨት አመድ ጨምሩበት። ቤታችሁ ቡና በከሰል የሚፈላ ከሆነ የከሰሉ አመድ ይሆናል፤ ነገር ግን ቢያንስ አንድ ቀን ያደረ፣ ፈጽሞ የቀዘቀዘ ይሁን። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ታያላችሁ። የአመድ ውኃ ዓይንን ያቃጥላል፤ አትቅመሱት፣ በእጃችሁ አትንኩት፣ ብርጭቆውም በደንብ ይታጠብ።

የሚመጣው ሳምንት ወደ ክፍል ስትመጡ እነዚህን በአማርኛ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ፦ ከናይትሮጅንና ከካልሲየም በጢስ ቶሎ የሚሄደው የትኛው ነው፣ ለምን? የብላክዋተር ባለሙያዎች በድርቅ ዓመት ቢለኩሱ አፈሩ ምን ይሆናል? ትልልቆቹ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ጨምሩ፦ እናንተ የመጠለያው ኃላፊ ብትሆኑ በየዓመቱ ታቃጥላላችሁ፣ በየጥቂት ዓመቱ፣ ወይስ ጭራሽ አታቃጥሉም? ከመወሰናችሁ በፊትስ ምን ትለካላችሁ?